ጅማ ላይ የተሞከረ የማይክሮአርኤንኤ ማውጫና መለኪያ ኪት

ጅማ በሚገኘው ቤተ ሙከራችን ለጡንቻ ሕዋስ ጥናት የተጠቀምንበት ኪት ማይክሮአርኤንኤን (የሌሎች ጂኖችን ሥራ የሚጫኑ አጫጭር አርኤንኤዎችን) ለማውጣት የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ በመለካቱ በኩል ብቻውን አይበቃም።

ማይክሮአርኤንኤ ርዝመቱ 22 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ፊደል) ገደማ በመሆኑ፣ በሲሊካ ዓምድ (አርኤንኤን በሚይዝ ትንሽ ማጣሪያ) የሚሠሩት የተለመዱ ኪቶች አብዛኛውን ሳይይዙት ያሳልፉታል። ይህኛው የኤታኖሉን መጠን ከፍ ስለሚያደርግ ትንንሾቹንም ከረጃጅሞቹ ጋር በዓምዱ ላይ ያስቀራል፤ የወጣልንም አርኤንኤ ንጹሕ ነበር።

የሞከርነው ሲ2ሲ12 በሚባሉት የአይጥ ጡንቻ ሕዋሳት ላይ ነው። ሴረም (ከደም የሚገኘው የማሳደጊያ ፈሳሽ) ሲቀነስባቸው መባዛታቸውን አቁመው እርስ በርስ ይዋሃዱና ብዙ ኒውክለስ ያላቸው ረጃጅም ቱቦዎች ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ማዮዲና ማዮጀኒን የተባሉት ፕሮቲኖች ሚር-1፣ ሚር-133 እና ሚር-206 ከተባሉት የማይክሮአርኤንኤ ጂኖች አጠገብ ተጣብቀው ጂኖቹ ወደ አርኤንኤ ቅጂ እንዲገለበጡ ያደርጋሉ፤ ኪቱም የሦስቱንም ጭማሪ በግልጽ አሳይቶናል። ሚር-1 እና ሚር-133 ከአንድ ረጅም የአርኤንኤ ቅጂ ተቆርጠው ወጥተው ሳለ፣ ሚር-1 ኤችዳክ4 የተባለውን ፕሮቲን በመጫን ሕዋሱን ወደ ጡንቻነት ሲገፋ ሚር-133 ኤስአርኤፍ የተባለውን ፕሮቲን በመጫን መባዛትን ማገዙ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ሚር-1 እና ሚር-206 የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ብቻ ሲሆን፣ በሰው ሠራሽ ናሙና ስንፈትነው የአንዱ ፕራይመር (የሚለካውን ለይቶ የሚይዝ አጭር ዲኤንኤ) ሌላውንም በመጠኑ አንብቧል። ከዚህ የሚብሰው ግን ኪቱ የሚለካው ተቆርጦ ያለቀውን ማይክሮአርኤንኤ ብቻ መሆኑ ነው። መጠኑ የጨመረው ጂኑ በብዛት ስለተገለበጠ ይሁን፣ ድሮሻና ዳይሰር የተባሉት ኢንዛይሞች ቅጂውን በፍጥነት ስለቆረጡት፣ ወይም ያለቀው ሳይፈርስ ስለቆየ፣ ከዚህ ቁጥር አይታወቅም፤ የጂን ቁጥጥር ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነው። ደግነቱ ዓምዱ ረጅሙን ቅጂ አብሮ ስለሚይዝ፣ ዲኤንኤውን አስቀድሞ በኢንዛይም አጽድቶ ከዚያው ናሙና ያልተቆረጠውን ቅጂ በተራ ፕራይመር መለካት ይቻላል። መመሪያው ይህን አንድም ቦታ አለማንሳቱ ገርሞኛል።

ዓምዶቹ በክፍል ሙቀት መጓዝ ስለሚችሉ ከአዲስ አበባ ጅማ ድረስ ችግር የለባቸውም። ለመለኪያው የሚያስፈልገው ኢንዛይም ግን በረዶው ቀልጦ ነው የደረሰን፤ አቅራቢውም ለመተካት ብዙ አመላልሶናል። ለማዘዝ ያሰበ ሰው ማውጫውን ክፍል ብቻ ይግዛ፤ ፕራይመሮቹን ለብቻ ያሠራ፤ ኢንዛይሙንም የሚያመጣ ሰው ካገኘ በእጅ ያስመጣና እንደደረሰ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሎ ጄኔሬተር ባለው ማቀዝቀዣ ያስቀምጠው።