ሽቦ፣ ሉፕ ወይስ ዳይፖል? ጅማ ላለ ቤት የሬዲዮ አንቴና ሲመረጥ

«ሁሉንም ባንድ (ኤፍኤም፣ አጭር ሞገድ፣ መካከለኛ ሞገድ) ይስባል» የሚል አንቴና ሲያሳዩአችሁ ቶሎ ኪሳችሁ አትግቡ። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ነው። የአጭር ሞገድ ከ10 እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። መካከለኛ ሞገድ ላይ ደግሞ 500 ሜትር የሚያልፍ አለ። ለሦስቱም እኩል የሚሠራ አንድ ብረት አይገኝም። አብዝታችሁ የምትሰሙት የቱን ነው? ቤታችሁስ ምን ዓይነት ነው? ምርጫው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ኤፍኤም ብቻ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ኤፍኤም ከማሰራጫው ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ኮረብታ ከጋረደው ይደክማል። ጅማ ደግሞ ዙሪያዋ ኮረብታ ነው። ጅሬን ከፍታው ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ታች ሜዳው ላይ ሊንሿሿ ይችላል። እዚህ ዳይፖልን የሚያህል የለም። ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሁለት የብረት ወይም የሽቦ ክንድ አለው፤ እያንዳንዱ 75 ሳንቲሜትር ገደማ። አንዱ ከዲሽ ኬብል የመሀል ሽቦ ጋር፣ ሌላው ከዙሪያው መረብ ጋር ይታሰራል። ከቆርቆሮው በላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ጣራችሁ ላይ ያረጀ የቴሌቪዥን አንቴና ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ሞክሩት፤ ወጪ የለውም። ዲሹን ራሱን ተዉት፣ የሚቀበለው ፍጹም ሌላ ፍሪኩዌንሲ ነው።

ለመካከለኛ ሞገድ አንቴናው ሬዲዮው ውስጥ ነው፤ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ። የሚመዘዘውን አንቴና እስከ ጫፉ ብትጎትቱት ለውጥ የለውም። ሬዲዮውን መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ አለቀ።

ዋናው ጣጣ አጭር ሞገድ ላይ ነው። ማታ የዶይቸ ቬለን የአማርኛ ዜና የሚከታተል ሰው ፉክክሩ በሽቦና በሉፕ መካከል መሆኑን ይወቅ።

ሽቦ ማለት 10 ወይም 15 ሜትር ፕላስቲክ የለበሰ የመዳብ ሽቦ ነው። ከመስኮት ተነስቶ ግቢ ውስጥ ያለ አቮካዶ ላይ ይታሰራል። የቤት ውስጡ ጫፍ ተልጦ በሚመዘዘው አንቴና ላይ ይቆነጠጣል። ቆርቆሮ አይንካ፤ ከመብራት መስመርም ይራቅ። ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ አለው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ርካሽ ሬዲዮ ላይ ግን ሽቦ ሲበዛ ጣቢያ በጣቢያ ላይ ይደራረባል። ያኔ ማሳጠር ነው።

ሉፕ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀለበት ነው፤ ከሥሩ ትንሽ ማጉያ አለው። ዋጋው ከሽቦው ጋር አይወዳደርም፣ ጅማ ሱቅ ውስጥም እንደልብ አይገኝም። ታዲያ ለምን ይገዛል? ስለሚዞር ነው። የሚረብሸው ድምፅ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ከሆነ ቀለበቱን ስታዞሩት ድምፁ ይሞታል፤ ጣቢያው ግን ይሰማል። መካከለኛ ሞገድም ይይዛል። ለኤፍኤም ግን አትጠብቁት። የሚነዳው በ5 ቮልት ነው፤ በርካሽ የስልክ ቻርጀር ከነዳችሁት ቻርጀሩ ራሱ ይጮህበታል። ፓወር ባንክ ይሻላል።

ከሁለቱ የቱ እንደሚሻላችሁ የሚነግራችሁ መብራት ሲጠፋ ነው። ሬዲዮውን በባትሪ ክፈቱና አጭር ሞገድ ላይ አድርጉት። መብራት እንደሄደ ጩኸቱ ጸጥ ካለ ጥፋተኛው የናንተ ወይም የጎረቤት ኤልኢዲ አምፖል፣ ቻርጀር ወይም ሌላ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ረጅም ሽቦ ጣቢያውንም ጩኸቱንም አብሮ ያጎላዋል፤ ሉፕ ነው የሚያዋጣው። መብራት ሄዶም ጣቢያው እንደደከመ ከቀረ ግን የጎደለው ጉልበት ነው፣ ሽቦ ዘርጉ። በር በበር በተያያዘበት ግቢ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሽቦ የሚዘረጋበት ቦታም የለውም።

ዲስኮን የሚባለውም አለ፤ ዘንጎቹ እንደ ጃንጥላ አጽም የተዘረጉት። «ሁሉን ባንድ» ተብሎ ቢሸጥም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ25 እስከ 1300 ሜጋኸርዝ ነው፤ መካከለኛ ሞገድና አብዛኛው አጭር ሞገድ ከዚያ በታች ናቸው። የአውሮፕላን ንግግር ለሚያዳምጥ ስካነር ሬዲዮ ጥሩ ነው። ለዜናና ለሙዚቃ ብላችሁ ከገዛችሁት ግን ከሰራችሁ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ሽቦውን እሞክር ነበር። ካልሆነ ብዙ ብር አልጠፋም፤ ሉፕ ከዚያ ይገዛል። የክረምት ነገር ግን ይታሰብበት። ከደጅ ሽቦ ያስገባ ሰው ገና ሰማዩ ሲጠቁር ከሬዲዮው ነቅሎ ወደ ውጭ ያውጣው። ነጎድጓዱ እስኪሰማ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያ ሰዓት ሽቦውን መንካትም አደጋ ነው።