ነፍስ ይማር፤ ቀልዱን ግን አናዘግይበት፦ የዩኤስቢ ቪዲዮ መገልበጫ ሲፈተሽ

ተወዳጅ ኮሜዲያን ባረፈ ሰሞን የድሮ ቪዲዮ ካሴት ከየመሳቢያው ይወጣል። ለመታሰቢያው ሥራዎቹን ገልብጦ ማሳየት ያምራልና ብዙ ሰው ካሴትን ወደ ኮምፒውተር ወደምትቀዳው ርካሽ፣ አውራ ጣት የምታህል የዩኤስቢ መገልበጫ ይሮጣል። ለሠርግ ካሴት ትበቃለች። ለቀልድ ግን እንዲሁ አትታመንም።

ኮሜዲያን የሚያስቀው በሚለው ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ጣል አድርጎ ፊቱ ሳይፈታ ዝም ይላል፤ አዳራሹ በሳቅ የሚናጋው በዚያች ዝምታ ማብቂያ ላይ ነው። ፓል በሚባለው ሥርዓት የተቀዳ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አለው። ካሴት ማጫወቻው ዴክ ካረጀ ወይም ካሴቱ ከላላ የምስሉ ምልክት ይዋዥቃል፤ መገልበጫዋ ያልያዘችውን ፍሬም ትጥላለች፣ ድምፁ ግን ሳይቆረጥ ይቀጥላል። 12 ፍሬም ከወደቀ ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ነው፦ አፉ ቀድሞ ይዘጋል፣ ቀልዱ ኋላ ይደርሳል። ሟቹን እንዲህ ከማሳየት ፎቶውን መስቀል ይሻላል።

ዋናው መድኃኒት ምልክቱን የሚያስተካክል ታይም ቤዝ ኮሬክተር የሚባል መሣሪያ በዴኩና በመገልበጫዋ መሃል ማስገባት ነው፤ አንዳንድ ጥሩ ዴኮች አብሯቸው የተሠራ አላቸው። ከዚያ በፊት ካሴቱን እስከ መጨረሻው አሳልፎ መልሶ ማጠንጠን ጥቅሉን ያስተካክላል። በመስኮቱ በኩል ነጭ ሻጋታ ከታየ ግን ዴክ ውስጥ አይገባም፤ የዴኩን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) አቆሽሾ ቀጣዩን ካሴትም ይበክላል። ሲቀዳ የወደቁ ፍሬሞችን ቁጥር የሚያሳይ ፕሮግራም ይመረጥ። ዲቪ በሚባለው የቪዲዮ ቅርጽ ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ቦታ ይዘጋጅ።

አብሯት የሚመጣው ፕሮግራም ሌላም ጣጣ አለበት። ፓል በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ይይዛል፤ ፕሮግራሙ ወደ 25 ሲያጣምረው እንቅስቃሴው ይሻክራል። ሰውየው ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ወንበሩ ከሥሩ የሚሸሽበትን ቅጽበት ያዳፍነዋል። ስለዚህ ወደ 50 ሙሉ ፍሬም መቀየር ይሻላል። «ድምፅ አጥራ» የሚለው አማራጭም ይጥፋ፤ የተመልካቹን ሳቅና ጭብጨባ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያፍነው ይችላል።

ሌላ ቅጂ ላለው ካሴት መገልበጫዋ ትገዛ። አንድ ብቻ የቀረ ካሴት ከሆነ ግን ባለሙያ ጋ ይወሰድ። የተገለበጠው ፋይል ሲፈተሽ የመጀመሪያውን ደቂቃ አይቶ መተው አያዋጣም፤ መዛነፉ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ከንፈር ከንፈሩን እያዩ ይደመጡ።