መብራት ያለው የዓሣ ገንዳ ክዳን በደሴ ብርድ

ደሴ ውስጥ የጌጥ ዓሣ የሚያረባ ሰው ክዳን ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው መብራቱን ነው፦ ስንት ዋት ነው፣ ሰማያዊ የሌሊት ብርሃን አለው ወይ፣ ለሳሎኑስ ያምራል ወይ። ለወራት ከተጠቀምኩ በኋላ የእኔ ፍርድ ሌላ ነው። መብራት በኋላም ይቀየራል፤ በደንብ የማይገጥም ክዳን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ሲያስወጣ ያድራል።

ገንዳዬ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋት፣ 35 ቁመት ያለው ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 63 ሊትር ይይዛል። ጉፒና ስዎርድቴይል የሚባሉ ዓሦች አሉበት፤ ብዙ ብርሃን የማይጠይቁ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉ የውሃ ተክሎችም ተክዬበታለሁ። ክዳኑ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከፊት ለምግብ የሚከፈት ታጣፊ በር፣ ከኋላ ለማሞቂያውና ለማጣሪያው ገመድ የተተወ ክፍተት፣ ከሥሩ ደግሞ በሁለት ብሎን የታሰረ 12 ዋት የኤልኢዲ መብራት አለው።

ከተማችን 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወርዶ የሆጤንና የሰኞ ገበያን ሰፈሮች በሚያለብስበት ማለዳ ሳሎኑ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ዓሦቹ ግን 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈልጋሉ። ክፍት ገንዳ ብዙ ሙቀት የሚያጣው በትነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የእኔ መብራት በቀን 8 ሰዓት እየበራ ይህን ያህል ኃይል ለመፍጀት አንድ ሳምንት ያስፈልገዋል። ኤልኢዲ ከፍሎረሰንት ይቆጥባል የሚባለው እውነት ነው፤ ደሴ ላይ ግን ዋናው ቁጠባ ያለው ፕላስቲኩ ላይ ነው። ክዳኑ ከተገጠመ ወዲህ ማሞቂያዋ ስትሠራ የምትበራው ቀይ መብራት ጠፍታ የምትቆይበት ጊዜ ረዝሟል። ቀድሞ የጎደለውን ውሃ በጆግ እየሞላሁ እሰለች ነበር፤ አሁን የምሞላው ውሃ በምቀይርበት ቀን ብቻ ነው።

ክዳን ለገንዳ ጋቢ ነው፤ ጋቢ ደግሞ አፍንጫ ላይ አይታሰርም። በባሕር ጠለል ከፍታ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ትንሽ ያለፈ ኦክስጅን ይይዛል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ውሃው መያዝ የሚችለው ወደ 6 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ስለዚህ የኋላውን ክፍተት በስፖንጅ የሚደፍኑ ሰዎችን አልስማማባቸውም። ስዎርድቴይል ዘላይ ዓሣ ስለሆነ ክፍተቱ ጠባብ ይሁን እንጂ አይዘጋ፤ የማጣሪያው አፍም የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ተደርጎ ይቀመጥ።

በደንብ ያልታሰበበት ነገር ጤዛው ነው። ሌሊት ሞቃቱ እንፋሎት ከቀዝቃዛው ክዳን ሥር ሲደርስ ጠብታ ይሆናል፤ ጠዋት በሩን ስከፍት ጠብታዎቹ ተሰልፈው ወደ ማጠፊያው ይንሸራተታሉ። የክዳኑ ከንፈር በሦስት ጎን በመስታወቱ ውስጥ ስለሚገባ ጠብታው ተመልሶ ገንዳ ውስጥ ይወድቃል። በአራተኛው፣ በኋላው ጎን፣ ከንፈሩ ከውጭ ነው። በዚያ በኩል ውሃው በመስታወቱ ጀርባ እየወረደ ቡፌው ላይ ነጭ የኖራ ክብ ሠርቷል። ኖራው በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ይለቃል፤ መብራቱ ላይ ያለውን ግልጽ ሽፋንም የማጸዳው በዚሁ ነው፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥባለሁ። የኖራ ሽፋን ዝም ሲባል ብርሃኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የመብራቱ ነገር መካከለኛ ነው። 6500 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ነጭ ብርሃኑ ያምራል፣ የጉፒዎቹን ጅራት ያደምቃል፣ ለተክሎቹም በቂ ነው። ሻጩ ውሃ አያስገባም ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በአንዱ ጫፍ ያለው ሲሊኮን ሳስቶ እርጥበት ገባና በዚያ በኩል ያሉት አምፖሎች ደብዝዘው ጠፉ። አቤቱታዬን ነግሬው የሰጠኝ መልስ ትከሻ መነቅነቅ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ መብራት ቢያንስ አይፒ67 የሚል ምልክት ቢኖረው ይመረጣል፤ ይህ አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢሰጥም ውሃ አይገባውም ማለት ነው። አይፒ44 የሚለው ፍንጣቂ ብቻ ነው የሚችለው። ክዳኑን ከመጣል ያዳነኝ ሁለቱ ብሎን ነው፤ መብራቱን ብቻ ፈትቼ ሌላ ገጠምኩ። መብራቱ ከክዳኑ ጋር አንድ ላይ የተጣበቀ ከሆነ፣ ቢረክስም አትግዙ።

ገመዱ ወደ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከእጥፋቱ ላይ መሬት ይወድቃል። ይህ ለሁሉም ዓይነት መብራት ይሠራል።

መብራቱ የሚበራው ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት እንግዳም እንዲያየው። ከዚያ በላይ ሲበራ አልጌ መስታወቱን አረንጓዴ ያለብሰዋል። የሚሽከረከር ሰዓት ቆጣሪ ግን በእኛ ከተማ አያስተማምንም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ስለሚቆም ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሳይታሰብም ገንዳው እኩለ ሌሊት ላይ በርቶ ይገኛል። ባትሪ ያለው ዲጂታል ይሻላል።

ኮምቦልቻ ያለው ታናሽ ወንድሜ ያንኑ ክዳን ይጠቀማል፤ ታሪኩ ግን የተለየ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል፣ በሚያዝያና በግንቦት ቀን ቀን የምግብ በሩን ከፍቶ ነው የሚውለው። ለእሱ ክዳኑ ከዓሣ ዝላይ መከላከያ ነው እንጂ ሙቀት መያዣ አይደለም።

ወርቃማ ዓሣ ብቻ ላለው ሰው ይህን ክዳን አልመክርም፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ስለሚስማማው ለሙቀት ብሎ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። መስታወት ቤት ሄዶ ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት በልክ ያስቆርጥ፣ አንዱን ማዕዘን ለገመድ ያስነሳ፣ ከላይ ነጠላ የኤልኢዲ መብራት ያስቀምጥበት። ጠርዙን በደንብ እንዲሞርዱለት ይንገራቸው፤ በየቀኑ እጅ የሚገባበት ነው።