ልጅን ቤት ለማስተማር የቱ ይሻላል፦ የሞንቴሶሪ ዕቃ፣ የ36 ሳምንት ጥቅል ወይስ የዋልዶርፍ መንገድ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ የኬጂ ልጁን እቤት፣ በእጅ በሚነካ ነገር ማስተማር ለሚፈልግ ወላጅ ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው የሞንቴሶሪ ዕቃ ነው፤ ልጁ እየደረደረና እየለካ ሲማር ስህተቱን የሚነግረው ዕቃው ራሱ ነው። ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚገዛው የ36 ሳምንት የእንግሊዝኛ ጥቅል ነው፤ የየቀኑ ትምህርት ተጽፎ፣ የሚታተመው ወረቀት ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሦስተኛው የዋልዶርፍ መንገድ ነው፤ ተረት፣ መዝሙር፣ የእጅ ሥራና የቤት ውስጥ ሥራ እንጂ ፊደል የለበትም።

የእኛን ፍርድ አስቀድመን እንናገር። ለቁጥር የሞንቴሶሪውን ዕቃ አናጺ ዘንድ ያሠሩ። ለፊደል የውጭ ጥቅል አይግዙ፤ እዚሁ ቤት ይሠራል። ከዋልዶርፍ ተረቱንና የእጅ ሥራውን ይውሰዱ። ሙሉ ጥቅል የሚያዋጣው ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ከሆነ ብቻ ነው። በአዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ስለሆነና አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ስለሚጀመር፣ የሚገዛው ነገር ሁለት ዓመት መዝለቅ አለበት።

የሞንቴሶሪ ዕቃ፦ የትኛው ይሠራ፣ የትኛው ይቅር

ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት የከፈተችው ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሃ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። ዛሬ ዕቃው በሳጥን ታሽጎ ሲመጣ የሀብታም ይመስላል እንጂ አብዛኛው ጣውላ፣ ዶቃና ካርቶን ነው።

ወላጅ ፎቶ አይቶ መጀመሪያ የሚያሠራው ሮዙን ግንብ ነው፤ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ኩቦች። ይህን ይተዉት። ሁሉም ከድፍን እንጨት ከተሠሩ 3,025 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ይፈጃሉ፤ ትልቁ ብቻውን 1,000 ነው። ያልደረቀ ባህር ዛፍ ከሆነ ትልልቆቹ በጥቂት ወር ይሰነጠቃሉ። በዚያ ላይ ዕቃው በዋናነት ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ በሁለት ሳምንት ይጠግበዋል።

በእሱ ፈንታ የቁጥር ዘንጎቹን ያሠሩ። አሥር ዘንጎች ናቸው፤ አጭሩ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 1 ሜትር። በድምሩ 5.5 ሜትር የደረቀ ባለ 2.5 በ2.5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ይበቃል፤ ለመጋዝ ብናኝ 20 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቁ ይቀባሉ። የተለመደው ስህተት አናጺው ሁሉንም ምልክት አንዴ አድርጎ ተከታትሎ መቁረጡ ነው፤ መጋዙ በየቁራጩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበላል። ስለዚህ አንዱን ቆርጦ ቀጣዩን እንደገና ይለካ። ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ይፈትኑት፦ 9ኙንና 1ዱን፣ 8ቱንና 2ቱን፣ 7ቱንና 3ቱን እያገጣጠሙ ከ10ሩ ጎን ያስተኙ። ጫፋቸው እኩል ካልሆነ ልጁ “ሰባትና ሦስት አሥር አይሞላም” ብሎ ይማራል፤ ልጁም አልተሳሳተም።

ለአሥርና ለመቶ ከውጭ የሚመጣው የወርቃማ ዶቃ ስብስብ አያስፈልግም። 100 ስቴኪኒ ጫፍ ጫፉን ቆርጠው፣ አሥር አሥሩን በላስቲክ ማሰር ይበቃል። እንዲያውም አንድ ብልጫ አለው፤ ልጁ እስሩን ፈቶ አሥሩ ውስጥ ያሉትን አንድ አንድ መቁጠር ይችላል። ለመደመር ቆርኪ ጥሩ ነው። ባቄላና ሽንብራ ግን ከሦስት ዓመት በታች ያለ ታናሽ ባለበት ቤት አይዘርጉ፤ አፍንጫ ውስጥ የገባ ሽንብራ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል።

ፊደል፦ ጥቅሉ የሚሰበርበት ቦታ

ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ጥቅሎች “በሳምንት አንድ ፊደል” በሚል ስሌት የተሠሩ ናቸው። 26ቱ ፊደላት በ36 ሳምንት ያልቃሉ፤ አሥር ሳምንት ለክለሳ ይተርፋል። የእኛ ገበታ ግን 33 በ7፣ 231 ነው። በሳምንት አንድ ከተሄደ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጃል። ረድፉን በዜማ ማስሸምደዱም ሌላ ጣጣ አለው፤ “ቤ”ን ለብቻዋ ቢያሳዩት ከ“በ ቡ ቢ” ጀምሮ ካልዘመረ አያውቃትም።

በእጅ ለሚማር ልጅ የሚሻለው ቅደም ተከተል የገበታው አይደለም። ገበታው የሚጀምርበት “ሀ” ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ ግዕዙና ራብዑ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ደግሞም “ሐ” እና “ኀ” ይከተሉታል። በ“በ” ይጀምሩ። ካዕቡ ወገቡ ላይ በቀኝ ቅጥያ አለው፤ ሳልሱ ቅጥያው ወደ ቀኝ እግሩ ይወርዳል፤ ራብዑ ግራ እግሩ ያጥራል፤ ኃምሱ ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ ሳብዑ ቀኝ እግሩ ያጥራል። ሳድሱ ብቻ በየፊደሉ ይለያያል። ልጁ ይህን በ“በ” ላይ ካየ “ከ”፣ “ሰ”፣ “ሸ” እና “ዘ” ላይ ራሱ ይገምታል። ከዚያ ባለ አንድ እግሮቹ “ተ”፣ “ቸ”፣ “ነ” እና “ቀ” ይምጡ። “ረ” እና “ፈ” ጠባያቸው የተለየ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይሁኑ።

ድምፃቸው የሚደገመውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ እና ብዙ የማይገኙትን ኸ፣ ዠ፣ ጰ፣ ፐ ለሁለተኛው ዓመት ካቆዩ 24 ግዕዝ ይቀራል። እነዚህን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጠው ካርቶን ላይ ይለጥፉ። 8 ሳንቲ ሜትር ቁመት ከሰጧቸው ከአንድ ሙሉ ወረቀት ስድስት ይወጣል፤ ስለዚህ አራት ወረቀት ይበቃል። የሸካራነት ቁጥሩ ከ120 እስከ 150 የሆነውን ይግዙ፤ 60ው የልጅ ጣት ይልጣል። የሚሳለው በጀርባው ስለሆነ ፊደሉ ግራ ቀኙ ተገልብጦ መሳል አለበት። “በ” ሁለቱም ጎኑ አንድ ስለሆነ ስህተቱን ይደብቃል፤ ሌላው ላይ ሲደርሱ ነው የሚታወቀው።

ቃል ለመገጣጠም ደግሞ 4 በ4 ሳንቲ ሜትር የካርቶን ቁራጮች ያዘጋጁ፦ 24 በ7፣ 168። ሳድሶቹን ሁለት ሁለት ያድርጓቸው፣ 192 ይሆናል፤ “ትምህርት” ብሎ ለመጻፍ እንኳ ሁለት “ት” ያስፈልጋል።

ወሎ ውስጥ አንድ ነገር መጨመር አለበት። ጠዋት ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል፤ ከሰዓት ፊደል ሲቀርብለት ከቀኝ ቢጀምር አይገርምም። በየገጹ ግራ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ያድርጉለት፤ መነሻው እሷ ናት። የትኛውም የውጭ ጥቅል ይህን አያስብም።

ሙሉ ጥቅሉን የመረጡ እንደሆነ

የሽያጩ ዋጋ የወጪው ግማሽ ብቻ ነው። ፋይሉ በቀን ሦስት ገጽ የሚያሳትም ከሆነ በ180 የትምህርት ቀን 540 ገጽ ይሆናል፤ ይህን በኮፒ ቤትዎ የገጽ ዋጋ ያባዙት፣ ባለ ቀለሙን ለብቻ። ቀለም የግድ የሚሆነው መለየት ወይም ማዛመድ ባለበት ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ጥቁርና ነጭ ይሁን። የሚደጋገሙትን ገጾች ላሚኔት አስደርገው በሚጠፋ ማርከር ማሠራት ወጪውን በጣም ያቀልላል። የዕቃ ዝርዝሩን ከመክፈል በፊት ይጠይቁ፤ ፒያሳም ሰኞ ገበያም የማይገኝ ነገር በየሳምንቱ ካለበት ትምህርቱ በጥቅምት ይቆማል። ርእሶቹም የበረዶ ሰውና የዱባ ፋኖስ ናቸው። እነዚያን ሳምንታት በመስቀልና በአደይ አበባ፣ በመውሊድ፣ በቦርከና ወንዝና በአጨዳ ይተኩ።

ዋልዶርፍ

ከሁሉም ርካሹ ነው፣ ከሁሉም አድካሚውም። ማንበብ በመደበኛነት የሚጀመረው ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ለአንደኛ ክፍል መግቢያ ፊደል የሚፈትን ትምህርት ቤት ካሰቡ ብቻውን አያዋጣም። አያት ያለበት ቤት ግን ግማሹ ተሠርቷል፤ ተረቱም እንቆቅልሹም እዚያው አለ። ስፌት ማጠላለፍ፣ ሽንብራ መልቀምና ልብስ ማጠፍ ለእርሳስ የሚሆን ጣት ያጠነክራሉ።

ለእጅ ሥራ የሚቦካውን ሊጥ በተመለከተ ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢራራቁም አየራቸው ለየቅል ነው። ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨውና አንድ ስኒ የማይሞላ ውሃ የሚገባበት የጨው ሊጥ ኮምቦልቻ በቶሎ ይደርቃል፤ ወፍራም ከተሠራ ግን ይሰነጠቃል፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ደሴ በክረምት ጨው እርጥበቱን ስለሚስብ ሊጡ እንደተጣበቀ ይከርማል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ በሊጥ ሥራ ፈንታ ወረቀት ማጠፍና ዶቃ መሰካት ይያዙ።

የትኛውንም ቢመርጡ ሻጩን የአንድ ሳምንት ናሙና ይጠይቁና አምስት ቀን ይሞክሩት። የአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ትምህርት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። የዝግጅቱ ጊዜ ከትምህርቱ ጊዜ ከበለጠ፣ ወይም ቀን ቀን ከልጁ ጋር የሚውለው ሰው መመሪያውን ማንበብ ካልቻለ፣ ያ ጥቅል ለዚያ ቤት አይሆንም።