ሲወድቁ የሚጣራው ሰዓት፦ እናቴ እጅ ላይ ያየሁት

እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ከዘራ ይዛ ነው የምትራመደው። ሰው ሲወድቅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለይቶ ለቤተሰብ የሚደውል ስማርት ሰዓት የገዛሁላት ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ሰዎች ወድቀው እንደሚሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። በዚያ ላይ የሚያነሳ አጥቶ መሬት ላይ ለሰዓታት መቆየት ራሱን የቻለ ጉዳት አለው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰዓቱ ድንገተኛ ፍጥነት፣ ቀጥሎ ግጭት፣ ቀጥሎ ደግሞ አለመንቀሳቀስ ካየ ይነዝርና «ደህና ነዎት?» ይላል። መልስ ካጣ ይደውላል። ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ አደናቅፏት የወደቀች ዕለት እሷ ስልኳን ፍለጋ ስትዳብስ የእኔ ጮኸ፤ ወዲያው ጎረቤት ደርሶ አነሳት። ስለዚህ ሰዓቱን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ነገር ግን አረጋዊ ሁልጊዜ ዘጭ ብሎ አይወድቅም። ሌላ ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ልታደርግ ስታጎነብስ ጉልበቷ ከዳት፤ አንሶላውን እንደጨበጠች ቀስ እያለች ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መነሳት አልቻለችም። ሰዓቱ ግን ትንፍሽ አላለም፤ ለሱ ሰው ቁጭ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። በሌላ በኩል ጠረጴዛ መታ ስታደርግ «ወድቀዋል?» ብሎ ያስደነግጣታል። ምክንያቱ ከሥልጠናው ይጀምራል፦ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች በብዛት የሚማሩት ጤነኛ ወጣቶች ፍራሽ ላይ ሆን ብለው ሲወድቁ ከተሰበሰበ መረጃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው ጽሑፍ፣ ለጤና የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አረጋውያንን ከመረጃው ካስቀረ መልሶ እነሱኑ እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል። ስለዚህ የሰዓቱ ማስታወቂያ ላይ «ማንኛውንም መውደቅ ይለያል» የሚለው ቃል መሰረዝ አለበት።

ባትሪውንም አስቡበት። ሌሊት ቻርጅ ላይ ከተሰካ፣ በጨለማ ወደ መጸዳጃ ቤት የምትሄደው ያለ ሰዓት ነው። እኛ ጠዋት ወንበሯ ላይ ቁጭ ስትል ነው የምንሰካው።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ በፊት ማታ ማታ ይደውልላት ነበር። ሰዓቱን ከገዛሁላት በኋላ ግን መተግበሪያው ላይ አረንጓዴ ምልክት ካየ «ደህና ናት» ብሎ ይተኛ ጀመር። ምልክቱ መንቀሳቀሷን እንጂ ማዘኗን፣ መድኃኒቷን መርሳቷን፣ ሰው መናፈቋን አያውቅም። ይህን ነግሬው እንደገና መደወል ጀምሯል።

የሚጠይቀኝ ካለ፣ ብቻውን ለሚኖርና ለሚራመድ ሰው ግዙ እላለሁ፤ ከአልጋ ለመነሳት ድጋፍ ለሚያስፈልገው ግን በሰዓቱ ተማምናችሁ ብቻውን እንዳትተዉት። ያለችበትን ቦታ የሚያሳየውን መከታተያ እኔ አጥፍቼዋለሁ። እናቴ «የት እንደምሄድ ማወቅ ስትፈልጊ ጠይቂኝ» አለችኝ፤ ልክ ናት። ሰዓቱ መከታተያው በርቶ ነው የሚመጣው፣ ማጥፊያውም ማስተካከያው ውስጥ ተደብቋል። አምራቾቹ መጀመሪያው ገጽ ላይ አውጥተው ሰዓቱን የሚያደርገውን ሰው ራሱን፣ በትልልቅ ፊደል፣ ፈቃዱን ይጠይቁት።