ሰንሰለቱን ቶሎ መቀየር ወይስ እስኪያልቅ መንዳት?

የብስክሌት ሰንሰለት የሚረዝመው ብረቱ ተለጥጦ ሳይሆን ፒኖቹ፣ ማለትም የሰንሰለቱን ዓይኖች የሚያያይዙት ትንንሽ ዘንጎች፣ በአቧራና በአሮጌ ዘይት እየተፋቁ ስለሚሳሱ ነው። ለመለካት ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ፒን መሃል ተነስተው ቀጣዮቹን 24 ፒኖች ይቁጠሩ፤ አዲስ ሰንሰለት ከሆነ ርቀቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.3 ከደረሰ 0.5 በመቶ፣ 307.8 ገደማ ከሆነ 1 በመቶ ረዝሟል።

ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ላለው ብስክሌት ያለ ማመንታት የምመክረው በ0.5 በመቶ መቀየርን ነው። የረዘመ ሰንሰለት የኋላውን ጥርስ በራሱ ልክ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ሰንሰለት ቢገጠምም ዳገት ላይ ፔዳሉን ሲረግጡ ይዘላል፤ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ሲሆን ነው። የኋላው ጥርስ ደግሞ ከሰንሰለቱ በጣም ይወደዳል።

ባሕር ዳርን በመሰለ ሜዳማ ከተማ በባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ለሚመላለስ ግን መቸኮል አያስፈልግም። ጥርሶቹ ወፍራም ናቸው፤ ሰንሰለቱ ሲላላ የኋላ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ማጥበቅ ይቻላል። እስከ 1 በመቶ መንዳት ያዋጣል። ከዚያም ካለፈ ሰንሰለቱንና ጥርሶቹን አንድ ላይ መቀየር ነው።

አዲሱን ሲቆርጡ ከአሮጌው ጋር አስተኝተው አይለኩ፤ አሮጌው ረዝሟልና ያሳስታል። ዓይኖቹን ይቁጠሩ። ማያያዣው ባለ ክሊፕ ከሆነ የክሊፑ ድፍን ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር።