የፍጥነት ንባብ መተግበሪያ ወይስ ያገለገለ መጽሐፍ? ደሴ ላይ ሆኖ ብር ለሚቆጥር አንባቢ

«የፍጥነት ንባብ መተግበሪያ ልክፈልበት ወይስ በብሩ መጽሐፍ ልግዛ?» ይህን የሚጠይቁኝ የደሴ ልጆች በዝተዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብማ ስልኬ አያርፍም። መልሴን አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ እኔ ለመጽሐፉ አደላለሁ። በዝግታ ማንበብ ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ ሂሳቡም ወደዚያው ይወስደኛል።

ከዋጋው እንጀምር። ቃላትን ስክሪን ላይ ቶሎ ቶሎ እያሳዩ በፍጥነት እናስነብባለን የሚሉት መተግበሪያዎች ሲጫኑ ነፃ ናቸው። ትንሽ ቆይተው በወር ክፈሉ ይላሉ፣ በዶላር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያለውን ታውቃላችሁ። በወር 5 ዶላር የሚያስከፍል መተግበሪያ ዶላር 57 ብር ሳለ 285 ብር ነበር። ዶላር 120 ሲገባ 600 ብር ሆነ፤ በዓመት 7,200 ብር ማለት ነው። የውጭ ካርድ የሌለው ደግሞ በሰው በኩል ያስከፍላል፣ ያም ሰው የራሱን ይጨምርበታል። ክፍያው የተቋረጠ ዕለት ይዘጋል። በዚህ ሁሉ ብር እጃችሁ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ይህን ለመሸሽ ብዙዎች በቴሌግራም የሚሸጠውን የክፍያ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ይገዛሉ። የእህቴ ልጅ «ሥልጠናና ሙሉ መተግበሪያ» ተብላ 2,000 ብር ከፍላለች። የመጣላት በየደቂቃው ማስታወቂያ የሚዘረግፍ፣ የስልኳን አድራሻዎችና መልእክቶች ካላየሁ የሚል ፋይል ነው። አማርኛ ስታስገባበት ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ብሬን መልሱልኝ ስትል ብሎክ አደረጓት። «አብሽሪ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ስልኩን ግን ወዲያው አጽዱ፣ የይለፍ ቃላችሁንም ቀይሩ።

ትክክለኛውን ገዝታችሁም አማርኛ ላይ ችግሩ አያልቅም። በየግሩፑ የሚዞሩት የአማርኛ ፒዲኤፎች አብዛኞቹ የገጽ ፎቶ ናቸው፤ መተግበሪያው ፊደሉን አያየውም። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተተየበ ጽሑፍ ደግሞ ኮፒ ሲደረግ ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ዝርክርክ ይለወጣል። ከመክፈላችሁ በፊት የምታነቡትን ፋይል ከፍታችሁ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ማስታወሻ ላይ ለጥፉ። ፊደሉ ካልመጣ ብራችሁን አታውጡ።

አሠራሩስ? ቃላት አንድ በአንድ አንድ ቦታ ላይ ብልጭ ይላሉ፣ ዓይን አይንቀሳቀስም። በ2014 እ.ኤ.አ. ስፕሪትዝ የሚባለው ቴክኖሎጂ ከየቃሉ አንዷን ፊደል ቀይ አድርጎ ሲመጣ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በፍጥነት የማንበብ ተስፋው ግን ከስልክ ይቀድማል፤ ኤቭሊን ዉድ የምትባል አሜሪካዊት የፍጥነት ንባብ ትምህርት ቤቷን የከፈተችው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የንባብ ተመራማሪው ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹ የአሥርተ ዓመታት ጥናቶችን መርምረው ያሉት ቀጥተኛ ነው፤ ፍጥነቱ በጣም ሲጨምር መረዳቱ ይቀንሳል። ስናነብ ዓይናችን ያልገባውን ለማየት ደጋግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቃል በቃል የሚያበራው መተግበሪያ ይህን ይከለክላል፤ ያለፈው ቃል አልፏል።

ለአማርኛ ደግሞ ይብሳል። በእንግሊዝኛ ሐተታ ነክ ጽሑፍ የሚያነብ አዋቂ በአማካይ በደቂቃ 240 ቃል ገደማ ያነባል። «አልነገረችኝም» የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል ግን እንግሊዝኛው በአራት ቃል የሚለውን ይሸከማል። መተግበሪያውን በደቂቃ 500 ቃል ላይ ብታደርጉት ይህ ቃል ዓይናችሁ ፊት የሚቆየው የሰከንድ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም። ግሣችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ሰውየው መጣ ይሁን አልመጣ እዚያ ሳንደርስ አይታወቅም። ማጥበቅና ማላላትም አይጻፍም፤ «ገና» ብቻዋን ስትበራ በዓሉ ትሁን «ገና ነው» ስንል ያለችው፣ ከጎረቤቶቿ ውጪ አትለይም። ጎረቤቶቿ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሉም።

ወሎ ውስጥ ሆኖ ዝግ ያለ ንባብ ጊዜ ማባከን ነው ሲባል መስማት ያመኛል። የዋድላ ቅኔ ቤት አገራችን ነው። እዚያ አንድ መስመር ይዞ ሰሙን አይቶ፣ ወርቁን ፈልጎ፣ ተመልሶ እንደገና ማየት ነው ትምህርቱ። መንዙማችንም ቢሆን አንዱ ስንኝ እየተደጋገመ ነው ልብ ውስጥ የሚገባው። ክረምት የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲለብስ፣ መብራትም ሲጠፋ፣ ጋቢ ደርቦ መስኮት ሥር አንድ ገጽ ሁለቴ ማንበብ ለእኔ ከዓመቱ ደስታዎች አንዱ ነው። ደስ ያለኝን ዓረፍተ ነገር ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበዋለሁ። የፍጥነት አሠልጣኞች መጀመሪያ ተዉ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እኔ ደግሞ የማልተወው እሱን ነው።

መጽሐፍም የራሱ ወጥመድ አለው። ፒያሳ መንገድ ዳር ከሚደረደሩት ውስጥ ፎቶ ኮፒ የተደረጉ አሉ። ዋጋቸው ከዋናው ትንሽ ስለሚቀንስ ሰው ይታለላል። ሽፋኑ የደበዘዘ፣ ፊደሉ ጠርዙ ላይ የፈሰሰ፣ ገጹ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ ተዉት። እኔ ሁልጊዜ መሐሉን ከፍቼ የገጽ ቁጥር እከተላለሁ፤ አሥራ ስድስት ገጽ የተዘለለበት ወይም ሁለቴ የገባበት ያጋጥማል። ቀጥሎ ጀርባውን እዩ። በማስቲሽ ብቻ የተያዘው አንዴ በደንብ ሲከፈት ቅጠሉን ያረግፋል። በክር የተሰፋ ካገኛችሁ ቢያረጅም ውሰዱት። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያጻፉት ወንጌል ከ13ኛው ክፍለ ዘመን እስከዛሬ የደረሰው ብራና ሆኖ፣ በክር ተሰፍቶ ነው።

ጥገናውም ልዩነት አለው። የተገነጠለ መጽሐፍ ጠራዥ ጋ ወስጄ በ150 ብር አሰፍቼ፣ ጠንካራ ሽፋን አልብሼ እቀበላለሁ፤ ከአዲሱ ይበልጥ ይጠነክራል። የተሰበረ የስልክ ስክሪን ግን በሺዎች ነው፣ የሚገጠመውም ብዙ ጊዜ ኮፒ ስለሆነ ንክኪው ቶሎ ይደነዝዛል።

መተግበሪያው ምንም አይጠቅምም አልልም። ረጅም የእንግሊዝኛ ሪፖርት ገረፍ አድርጎ ማየት ለሚፈልግ የቢሮ ሠራተኛ ይሆናል። ለዚያ ግን ነፃው ይበቃል፤ ርዕሶችንና የየአንቀጹን መጀመሪያ ማየትም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ለተፈታኞች፦ ለመተግበሪያው የአንድ ወር ክፍያ ይሆን የነበረውን 600 ብር ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ 200 200 አዋጡ። ያገለገለ መማሪያና የቆዩ የፈተና ጥያቄዎች ግዙበት፣ ተቀያየሩ። ፈተናው ካለፈ በኋላ ግማሽ ዋጋውን የሚመልስላችሁ ገዢ ከታች ክፍል አይጠፋም፤ ብቻ ገጹ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ በእርሳስ አድርጉት።